የሚያውቀው እጅ

ልጆቼ፣

ባለፈው ጥቅምት አንድ የጎረቤት ልጅ ጥቁር ሻንጣ አንጠልጥሎ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ቤቴ መጣ። ከሻንጣው ያወጣው ዕቃ የሽጉጥ እጀታ የመሰለ መያዣ አለው፤ ከመያዣው ላይ ደግሞ እንደ ሬዲዮ አንቴና ያለ ዘንግ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የወርቅ መፈለጊያ ነው አለኝ። ሦስት ጓደኛሞች አዋጥተው ገዙት፤ የእሱን ድርሻ የሸፈኑት የአባቱ ጥማድ በሬዎች ናቸው። ዕድሜዬን በጎጃም ደጋና ቆላ የከርሰ ምድር ውኃ ስፈልግ ስለኖርኩ፣ «ጋሼ ካዩት ይበቃል» ብሎ ነው ያመጣው።

ገለባብጬ አየሁት። ባትሪ የለውም፤ የባትሪ ማስቀመጫም የለውም። «ከያዘው ሰው ገላ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው» አለኝ። ይህችን አባባል አውቃታለሁ፤ ሰው አስፈጅታለች።

ጄምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ኤ.ዲ.ኢ. 651 የሚል ስም የሰጠውን «የፈንጂ መፈለጊያ» ለኢራቅ የሸጠው ይህንኑ እያወራ ነው። የዕቃው መነሻ የጠፋ የጎልፍ ኳስ ያገኛል ተብሎ ከ20 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይሸጥ የነበረ መጫወቻ ሲሆን፣ እሱ ግን አንዱን በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ቸበቸበው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ፈንጂ የጫኑ መኪኖች ባግዳድ ገብተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲገድሉ፣ በየኬላው የቆሙ ወታደሮች ይህንኑ ዘንግ ጨብጠው ነበር። ሰውየው በ2013 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እኔን የሚያስገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ሻጩ ታስሮ ዕቃው ኬላ ላይ ቀረ። የኢራቁ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይደር አል አባዲ እንዲሰበሰብ ያዘዙት በ2016፣ ከሌላ እልቂት በኋላ ነው። የገዛው ሹም ተታለልኩ ማለት አለበት፤ ወታደሩም ባዶ እጁን ቆሜአለሁ ብሎ ማመን አለበት። ማን ቀድሞ ይናገር?

የሚያምን ሰው ሞኝ ነው እንዳትሉ። እኔም አምኛለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በጮቄ ተራራ ግርጌ አንድ አዛውንት ውኃ ይጠቁማል ብለው ባላ እንጨት ሰጥተውኝ እንደ እሳቸው ይዤ ሜዳውን አቋረጥኩ። አንድ ቦታ ላይ እንጨቱ ወደ መሬት ጎነበሰ። ማተቤን ይዤ እምላለሁ፣ እኔ ያጎነበስኩት አልመሰለኝም። ተቆፈረ፤ ውኃ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን እንጨት ከመሣሪያዎቼ ጋር ይዤው ዞርኩ፤ አለቆቼ እንዳያዩብኝ በአቡጀዲ ጠቅልዬ። በኋላ አንድ ገበሬ እንጨቱ ዝም ባለበት ቦታ፣ እንቢ ብሎኝ ቆፈረና እሱም ውኃ አገኘ። ዝናብ በሚጠግበው በእኛ ደጋ፣ ከሸለቆ ሥር በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ ውኃ አያጣም። እንጨቱን ሲያጸድቅ የኖረው አገሩ ራሱ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ካርፔንተር ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1852 ስም አውጥቶለታል፤ የምንጠብቀው ነገር ራሳችን ሳናውቀው ጡንቻችንን ያንቀሳቅሳል። እንደ ልብ የሚሽከረከር ዘንግ ደግሞ የእጅ አንጓ በዓይን የማይታይ ያህል ቢያዘነብል ይዞራል። እውነተኛ የብረት መፈለጊያ የሽቦ ጥቅልና ባትሪ አለው፤ የሚለየውም ከእግር ሥር ያለውን ብረታ ብረት ነው እንጂ ከጋራ ማዶ የተቀበረ ወርቅ አይደለም።

ፈረንጅ ብቻ ነው የሚታለለው እንዳይመስላችሁ ሌባ ሻይን አስታውሱ። አያቶቻችን አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁት ነበር፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ልጁ ያስመስል ነበር አልልም። ግን የሰፈሩን ሐሜት ሰምቷል፤ ገመዱን የያዘውም ሰምቷል።

ስለዚህ ለጎረቤቴ ልጅ ክርክር አላበዛሁበትም። ስድስት ጣሳ ደፋሁ፤ የባለቤቴን የወርቅ ቀለበት እያየ ከአንዱ ሥር አኖርኩ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ጠቆመ። ቦታውን አራት ጊዜ ቀያየርኩ፤ አራቱንም አገኘ። ፊቱ በራ። ቀጥሎ እሱም እኔም ወጣን፤ ባለቤቴ ቀለበቱን ደብቃ እሷም ወደ ጓዳ ገባች። እሷን ያስወጣኋት ዓይኗ እንዳይመሰክር ነው፤ እናንተም ስትፈትኑ ይህችን አትርሱ፣ መልሱን የሚያውቅ ሰው አጠገብ አይቁም። 12 ጊዜ ደገምነው። ያገኘው ሁለቴ ነው። ከስድስት ጣሳ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነሳ ሰውም ከ12 ሁለቱን ያህል ያገኛል።

ልጁ ዘንጉን በእጅጌው ወለወለው። ደመናው ይሆናል አለ። ቤቱ ቆርቆሮ ስለሆነ ይሆናል አለ። ዝም አልኩት፤ ቡና ቀረበ። ሁለተኛውን ሲኒ ሳይጨርስ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ቀለበቱ የት እንዳለ አሳዩኝና ልሞክረው» አለኝ።