ከድስቱ ሥር የሚቀረው ዎርት

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ቢራ የምጠምቀው 40 ሊትር በሚይዝ፣ ወርዱ 36 ሴንቲ ሜትር በሆነ የማይዝግ ብረት ድስት ነው። እሳቱን ሳጠፋ 24 ሊትር ዎርት፣ ማለትም ገና እርሾ ያልገባበት የብቅል ፈሳሽ፣ ይኖረኛል። አቀዝቅዤ በቧንቧው ሳወርደው ግን ጥንስስ በርሜሉ ውስጥ የሚገባው 19 ሊትር ብቻ ነው። ድስቱን ዘንበል ሳደርገው ደግሞ አተላው አብሮ ይመጣል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከጎደለው 5 ሊትር አንዱ አልባከነም። የፈላ ዎርት ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ 4 በመቶ ያህል ስለሚኮማተር 24ቱ ሊትር ጠብታ ሳይፈስ 23 ይሆናል። እውነተኛው ኪሳራ 4 ሊትር ነው። በእርስዎ ድስት ወርድ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ቁመት 1 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ የቧንቧው ቀዳዳ ከወለሉ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተበሳ መሆን አለበት። ለማረጋገጥ ድስቱ ውስጥ ውሃ ጨምረው ቧንቧውን ይክፈቱ፤ ፍሰቱ ራሱ ሲቆም የቀረውን በመለኪያ ይስፈሩት።

ቧንቧውን ነቅሎ ዝቅ ብሎ መብሳት አያስፈልግም። በውስጥ በኩል ጎሚቶ (የታጠፈ የቧንቧ መገጣጠሚያ) ያስሩና ወደ ታች የሚወርድ አጭር ቱቦ ይግጠሙለት። የቱቦው አፍ ከወለሉ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቁም። ወደ መሀል እንዳያዞሩት፤ አተላው የሚከማቸው እዚያ ነው። ዎርቱ ከቀዳዳው በታች ከወረደ በኋላም ቱቦው እየሳበ ያወጣዋል፤ የሚስበው ግን አየር እስካልገባበት ድረስ ብቻ ነው። ዎርቱ ልክ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ፍሰቱ እየተንቦቀቦቀ ከተቋረጠ ጥፋቱ የማሰሪያው ነው፦ ክሩ ላይ ቴፍሎን በደንብ ይጠምጥሙ፣ ሙቀት የሚችል የሲልኮን ጎሚኒም ያስገቡ። የውጪው ጎማ ጫፍም ከውስጡ ቱቦ አፍ ዝቅ ብሎ መውረድ አለበት። በየጠመቃው ፈትተው ይጠቡት፤ ክሩ ውስጥ የደረቀ ዎርት የባክቴሪያ መደበቂያ ነው።

አተላውን መሀል ላይ ለመሰብሰብ፣ ዎርቱ ቀዝቅዞ የማቀዝቀዣው ጥቅልል (ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍበት የተጠቀለለ ቱቦ) ከወጣ በኋላ በተጸዳ ረጅም ማንኪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ለ2 ደቂቃ በኃይል ያማስሉ። ከድነው 20 ደቂቃ ይተዉት። ጥቅልሉ ውስጥ እያለ ማማሰል ከንቱ ድካም ነው፤ ሽክርክሪቱን ይሰብረዋል። መፍላቱ ሊያበቃ 15 ደቂቃ ሲቀረው 5 ግራም አይሪሽ ሞስ (የደረቀ የባሕር አረም) ቢጨምሩ ፕሮቲኑ ተያይዞ ይረጋል። ከዚያ በላይ አያብዙ፤ ሲበዛ አተላው እንደ ጥጥ ይለሰልስና አይጠጥርም።

ሲያወርዱ ቧንቧውን ግማሽ ብቻ ይክፈቱ፤ የመጨረሻዎቹን 3 ሊትር ደግሞ በቀጭኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ መጨረሻ ላይ ቸኩሎ ሙሉ በሙሉ ይከፍተዋል፣ ፍሰቱም የተከመረውን አተላ ንዶ ይዞት ይመጣል። ማዘንበል ከፈለጉ ዎርቱ ቀዝቅዞ አብዛኛው ከወረደ በኋላ ከቧንቧው ትይዩ ባለው ጎን 2 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ቀስ ብለው ያስገቡ። ትኩስ ድስት በፍጹም አያዘንብሉ።

የወንፊት ቱቦ ለመግጠም ካሰቡ፣ የሚሠራው ሆፕስን (ለቢራ ምሬት የሚሰጠውን ተክል) በሙሉ አበባው ለሚጠቀም ነው። የተፈጨና የተጠቀጠቀ ሆፕስ ወንፊቱን ወዲያው ይደፍነዋል፤ ለእሱ ሰፋ ያለ የናይለን ከረጢት ይሻላል። በሆፕስ ፋንታ ጌሾ የሚቀቅሉ ከሆነም ቅጠሉንና እንጨቱን በከረጢት ያድርጉት። ከረጢቱን ሲያወጡ ድስቱ ላይ አንጠልጥለው ያንጠፍጥፉት፤ ብዙ ዎርት ይመልሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ 1 ሊትር ያህል አተላ ያዘለ ዎርት ይቀራል። የተጸዳ ረጅም ማሰሮ ውስጥ ገልብጠው ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፤ ጠዋት ላዩ ጠርቶ ይገኛል። የጠራውን ቀድተው 10 ደቂቃ ያፍሉትና ሲቀዘቅዝ በርሜሉ ውስጥ ይጨምሩት፤ ወይም በረዶ አድርገው ለሚቀጥለው እርሾ ማባዣ ያስቀምጡት። ጥቂት አተላ በርሜሉ ውስጥ ቢገባ አይደንግጡ፤ በውስጡ ያለው ስብ በመጠኑ ለእርሾው ይጠቅማል። ለመጨረሻዋ ግማሽ ሊትር ከመታገል ይልቅ ቀጣዩን ጠመቃ 1 ሊትር ጨምረው ያሰሉት፤ የሚያስወጣዎት ትንሽ ብቅል ብቻ ነው።