ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ ምሕረት ታገኛለችን? (ጥያቄና መልስ)

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ ሙታን ጸሎትና ከሞት በኋላ ስላለው ተስፋ የቀረቡ ናቸው። የምመልሰው በአብነት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ ኋላም የአብያተ ክርስቲያናትን ታሪክ ሳነብ የኖርሁ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። የሌሎችን ትምህርት እነርሱ ራሳቸው ቢያነቡት «አዎን፣ ይህ የእኛ ነው» በሚሉት መልክ ለማቅረብ እጥራለሁ፤ የራሴን አስተያየት ስጨምር እናገራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በቀጥታ ልጠይቅዎ። ሰው ከሞተ በኋላ ሊድን ይችላል ወይስ አይችልም?

መልስ፦ ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ የሞተው ሰው ራሱ ንስሐ ገብቶ መንገዱን ሊለውጥ ይችላልን የሚል ነው፤ ሁለተኛው፣ በሕይወት ያሉት ስለ እርሱ የሚያቀርቡት ጸሎት፣ ቊርባንና ምጽዋት ይደርስለታልን የሚል ነው። በመጀመሪያው ላይ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም በአብዛኛው «አይችልም» ይላሉ፤ ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ ከዚያም በኋላ ፍርድ አለ የሚለውን የዕብራውያን 9፥27 ቃል ሁሉም ይቀበሉታል። የሚለያዩት በሁለተኛው ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንዱ ስለ ሁለተኛው ሲናገር ሌላው ስለ መጀመሪያው ስለሚመልስለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጸሎተ ፍትሐት የሚፈታው ምንድን ነው? ፍርዱ አልቆ ከሆነ ካህኑ ለምን ይደክማል?

መልስ፦ «ፈትሐ» በግእዝ ፈታም ፈረደም ማለት ነው፤ ፍትሕና ፍትሐት ከአንድ ሥር የወጡ ወንድማማች ቃላት ናቸው። ፍትሐት የኃጢአትን ማሰሪያ መፍታት ሲሆን፣ ካህናቱ ይህን የሚያደርጉት በምድር የፈታችሁት በሰማይ የተፈታ ይሆናል በሚለው የማቴዎስ 18፥18 ሥልጣን ነው።

ፍርዱ አልቆ እንደሆነ ላነሡት፣ እዚህ ላይ የዕለት ተዕለት አማርኛችን ያሳስተናል፤ ሲኦልንና ገሃነምን እንደ አንድ ቦታ እንጠራቸዋለንና። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ እንደ ሥራዋ ወደ ገነት ወይም ወደ ሲኦል ትሄዳለች፤ ይህ ግን የመቆያ ስፍራ ነው። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት የሚከፈቱት ከትንሣኤ ሙታን በኋላ፣ በመጨረሻው ፍርድ ነው። ስለ ሙታን የሚጸለየው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ነው። አስከሬኑ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወሰድ በመንገድ ሰባት ጊዜ እያሳረፉ፣ መጽሐፈ ግንዘት እየተነበበ፣ ዕጣን እየታጠነ የሚደረገው ሥርዓት ሁሉ ለአንድ መንገደኛ የሚደረግ ሽኝት ይመስላል። ሽኝት ደግሞ ለደረሰ ሰው አይደረግም።

ጥያቄ፦ በሉቃስ 16 አብርሃም በመካከላችን ታላቅ ገደል አለ ብሎ የለም እንዴ? ባለጸጋው ነዌ ከዚያ መሻገር ካልቻለ የእኛ አባት እንዴት ይሻገራል?

መልስ፦ ስለ ሙታን የሚደረግ ጸሎት አይጠቅምም የሚሉ ወገኖች ከሚያነሡት ሁሉ ብርቱው ጥቅስ ይህ ነው፤ አቅልሎ ማለፍ አይገባም። ኦርቶዶክሳውያን መምህራን የሚመልሱት ነዌ የለመነው ስለ ራሱ መሆኑን በማሳየት ነው፤ በደጁ የወደቀውን አልዓዛርን ችላ ያለ ሰው በምድር የሚለምንለት ድኻ አላተረፈም። የሞተ ሰው ገደሉን በራሱ ጕልበት እንደማይሻገር እኛም እናምናለን። እንደ እኔ አስተያየት ግን ይህ ምሳሌ የተነገረው የሞቱትን ለማጽናናት ሳይሆን በሕይወት ያሉትን ለማንቃት ስለሆነ፣ ከማንኛውም ወገን ቢሆን በእርሱ ብቻ ትምህርት የሚገነባ ሰው ከሚገባው በላይ ይጭንበታል።

ጥያቄ፦ ካቶሊኮች በመጽሐፈ መቃብያን ስለ ሙታን መሥዋዕት መቅረቡን ይጠቅሳሉ። በእኛ ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ውስጥ ብፈልገው አጣሁት። ተሳስቼ ነውን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፣ እንዲያውም ብዙዎች የማያስተውሉትን አይተዋል። ካቶሊኮች የሚጠቅሱት በግሪክ የተጻፈውን ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ነው። በዚያ ይሁዳ መቃቢስ ከጦርነት በኋላ የወደቁትን ወታደሮቹን ሊቀብር ሲነሣ በልብሳቸው ሥር የያምንያ ጣዖታት ምስል ተገኘባቸው፤ እርሱም ወደ 2000 ድራክማ ብር ሰብስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። የእኛ መቃብያን በስም ቢመሳሰልም በይዘቱ ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ትንሣኤ ሙታን አጥብቆ ይከራከራል፣ ይህ ታሪክ ግን የለበትም። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ይህን ጥቅስ ከካቶሊክ መጻሕፍት ወስዶ «መጽሐፋችን እንዲህ ይላል» ሲል ስሰማ አዝናለሁ፤ የራሳችን ማስረጃ ቅዳሴያችንና ግንዘታችን ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው እኛና ካቶሊኮች በምን እንለያያለን? እነርሱም እኛም ለሙታን እንጸልያለን።

መልስ፦ ካቶሊኮች በጸጋ የሞተች ነገር ግን ገና ያልጠራች ነፍስ የምትነጻበት መካነ ንስሐ አለ ይላሉ። ይህን በ1274 በልዮን፣ በ1439 በፍሎረንስ፣ በመጨረሻም በ1563 በትሬንት ጉባኤ አጽንተውታል። በፍሎረንስ የኤፌሶኑ ማርቆስ የሚባለው የግሪክ ጳጳስ ስለ ሙታን መጸለይን እየደገፈ የሚያነጻ እሳት የሚለውን ግን ተቃወመ፤ የስምምነቱንም ሰነድ አልፈርምም አለ። የእኛ አቋም ወደዚህ ይቀርባል፤ እንጸልያለን፣ ጸሎቱ የሚሠራበትን መንገድ ግን አንለካም። አንድ ነገር ለፍትሕ ያህል ልጨምር፦ በካቶሊክ ትምህርትም ወደ መካነ ንስሐ የሚገባው የዳነ ሰው ነው፤ ለኃጥእ የተሰጠ ሁለተኛ ዕድል አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮቴስታንቶችስ ስለ ሙታን መጸለይን ከመጀመሪያው ነው የተቃወሙት?

መልስ፦ አይደለም። ሉተር በ1517 ዘጠና አምስቱን ነጥቦች ሲያወጣ የተቃወመው በገንዘብ የሚሸጠውን የሥርየት ወረቀት ነበር፤ መካነ ንስሐን ገና አልካደም ነበር፤ በጽሑፍ የሻረው በ1530 ነው። በ1531 የወጣው የሉተራውያን መከላከያ ጽሑፍ ደግሞ የጥንት አባቶች ስለ ሙታን መጸለያቸውን ጠቅሶ «ይህን አንከለክልም» ይላል። በዛሬዎቹ የአገራችን ወንጌላውያን ዘንድ ይህ ብዙም አይነሣም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ግማሹ ተዝካር ሲያወጣ ግማሹ እህል አልቀምስም ብሎ በሚቀርበት ጊዜ ግን ማወቁ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በላዔ ሰብእ ሰባ ስምንት ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ ዳነ የሚለውን ታሪክ ሰው ሲስቅበት እሰማለሁ። ምን ልበል?

መልስ፦ የሚስቀው ሰው ታሪኩን እንደ ሒሳብ ስለሚያነበው ነው። በተአምረ ማርያም እንደተጻፈው ሚዛኑ ላይ ውኃው በራሱ ክብደት አልደፋም፤ እመቤታችን ጥላዋን አሳርፋበት ነው የደፋው። ውኃውንም የሰጠው ለተጠማ ለምጻም ነበር፤ በሕይወቱ ለሌላ ሰው የራራው ያን አንድ ጊዜ ነው። ከርእሳችን አንጻር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ በላዔ ሰብእ ከሞተ በኋላ ያደረገው አንዳች ነገር የለም። ሚዛን ላይ የተቀመጠው በሕይወት ሳለ የሠራው ነው፤ የተጨመረለት የሌላ ምልጃ ነው። ከላይ የለየኋቸው ሁለቱ ጥያቄዎች እዚህም ተለያይተው ይታያሉ። ታሪኩን ተማምኖ ኃጢአት የሚሠራ ካለ ግን የሚስቀው ሰው ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ሁሉም ይድናል የሚሉ አባቶች አልነበሩምን?

መልስ፦ ነበሩ። አርጌንስ በሦስተኛው መቶ ዓመት ፍጥረት ሁሉ ወደ ቀደመ ክብሩ ይመለሳል ወደሚል ሐሳብ አዘነበለ፤ የቅዱስ ባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም ተመሳሳይ ተስፋ ጽፏል። የአርጌንስን ትምህርት ንጉሥ ዮስጢንያኖስ በ543 አወገዘ፣ በ553ቱ የቁስጥንጥንያ ጉባኤም ስሙ ከመናፍቃን ጋር ተጠራ። ይህን ጉባኤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ከኒቅያ፣ ከ381ዱ ቁስጥንጥንያና ከኤፌሶን ጉባኤያት ጋር አትቆጥረውም፤ ትምህርቱን ግን እርሷም አትቀበለውም፣ ማቴዎስ 25፥46 የዘላለም ቅጣት ይላልና። ገዳማውያን አባቶቻችን ዘወትር የሚያነቡት ማር ይስሐቅ ግን ነገሩን ያከብደዋል። በ1983 በኦክስፎርድ የተገኘው የሱርስት ድርሰቱ ሁለተኛ ክፍል፣ የእግዚአብሔር ፍቅር ገሃነምን እንኳ ያለ ዓላማ እንዳልፈጠረ ይናገራል። እኔ ይህን እንደ ትምህርት አላስተምርም፤ ስለ ሰው ሁሉ ለመጸለይ ግን ድፍረት ሰጥቶኛል።

ጥያቄ፦ ልጃችን በተወለደ በሃያ ቀኑ ሳይጠመቅ አረፈ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ካቶሊኮች እንኳ ያልተጠመቁ ሕፃናት ከሥቃይም ከክብርም ውጭ በሆነ ስፍራ ይኖራሉ የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ትተው፣ የነገረ መለኮት ሊቃውንታቸው በ2007 ባወጡት ሰነድ ስለ እነርሱ መዳን ተስፋ እንድናደርግ ጽፈዋል። በዚህ ጥያቄ ላይ ከዚህ በላይ ብናገር ከማውቀው አልፋለሁ። ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ አብራችሁም ሂዱ፣ እናቲቱን ብቻዋን አትተዋት።

ጥያቄ፦ የምሠራው ቤይሩት ነው። እናቴ ስታርፍ መሄድ አልቻልሁም። ወንድሞቼ ለአርባዋ በሬ ይታረዳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ገንዘብ ላኪ አሉኝ። ያለኝ ሁለት ወር ያልተከፈለኝ ደመወዝ ነው። ካልላክሁ ነፍሷ ትታሰራለችን?

መልስ፦ እኅቴ፣ አትታሰርም። ፍትሐቱ በቀብሯ ዕለት ተደርጓል። ተዝካር የሚባለው መታሰቢያ ሲሆን፣ መሠረቱ ቅዳሴና ለድኻ የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ለሟች የሚጠቅመው ልቅሶና ወጪ የበዛበት ቀብር ሳይሆን ጸሎትና ምጽዋት እንደሆነ አስተምሯል። ተበድሮ የተጠራ ድግስ ጎረቤት ያጠግባል፤ የእናትሽ መታሰቢያ ግን ለአንድ የኔ ቢጤ በተሰጠ እንጀራም ይፈጸማል። ለወንድሞችሽ ይህን ንገሪያቸው፤ በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ እንዲቀደስላትም በክርስትና ስሟ አድርገሽ መልእክት ላኪ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የክርስትና ስሟን አላውቀውም። ሁላችንም እማማ ነበር የምንላት።

መልስ፦ ንስሐ አባቷ ያውቁታል፤ በሕይወት ከሌሉ የክርስትና እናቷን ወይም አብረዋት ያደጉትን እኅቶቿን ጠይቂ። ካልተገኘም «እማማ» ብለሽ ጸልዪላት።