ቡቺን የሚያበላው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ለገጣፎ ነው። ግቢያችንን የሚጠብቅ ቡቺ የሚባል የ6 ዓመት ወንድ ውሻ አለን፤ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ፣ እናቱ የሰፈር ውሻ እንደሆነች ያመጣልን ሰው ነግሮናል። ከ2 ዓመት በፊት ካኮላሸነው ወዲህ እየወፈረ መጥቶ፣ አሁን ከበር እስከ ጓሮ ደርሶ ሲመለስ ያለከልካል፤ መኪና ላይ መውጣትም ትቷል። በቅርቡ ሊከትበው የመጣው ሐኪም መዝኖት 44 ኪሎ ሆነ፤ «34 አካባቢ ቢሆን ነበር ጥሩ» ብሎን ሄደ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ምግብ እንከልክለው ይላል። እናቴ ደግሞ «ደልቦ ነው እንጂ ምን ሆነ? ውሻ ሲወፍር የጌታው ደግነት ይታወቃል» ትላለች። እኔን የገረመኝ ሁዳዴን በሙሉ ሥጋ ሳይቀምስ ከርሞ እንኳ አለመቀነሱ ነው። ምን ብናደርግ ይሻላል?
ወ/ሮ ሰ.፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ በመጀመሪያ ማስራቡን ይተዉት። ሁለት ቀን የተራበ ውሻ የጎረቤት ቆሻሻ ሲገለብጥ ይገኛል፣ በሦስተኛው ቀን የቀረበትን አካክሶ ይበላል፤ በዚህ መሐል የሚያጣው ደግሞ ስቡን ብቻ ሳይሆን እግሩን የሚያቆመውን ጡንቻ ጭምር ነው። ቡቺ መብላት ያለበት በየቀኑ ነው፤ ነገር ግን ተለክቶ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ያላገኘሁት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ቡቺን የሚያበላው ማን እንደሆነ ነው። ይህን የምጠይቀው በከንቱ አይደለም። ከዓመታት በፊት ከከተማው ወጣ ባለ ሰፈር የአንድ ቤት ውሻ እንዳይ ተጠርቼ ሄድኩ። እመቤቲቱ «በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚበላው» አሉኝ፣ አልዋሹም። የቤት ሠራተኛዋን ለብቻዋ ብጠይቃት ግን ድስት ከማጠቧ በፊት ጥራጊውን ለእሱ እንደምታደርግ ነገረችኝ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ብስኩት በመስኮት ይወረውሩለታል። የሌሊት ዘበኛው ደግሞ ትንሽ አፈር አሉና «እሱ ዐይን ዐይኔን እያየኝ ብቻዬን መብላት አልችልም» አሉኝ፤ ለካ ከእራታቸው ግማሹ በየሌሊቱ የውሻው ነበር። አራት ሰው እያንዳንዱ «ትንሽ» ሰጥቶ፣ ውሻው የሁለት ውሻ ቀለብ ይበላ ነበር። የእርስዎ ቤት ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀንሱ፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሰጠው ብቻ ወጥ ቤት በተሰቀለ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ የቡቺን የቀን ድርሻ ጠዋት ለክቶ በአንድ ዕቃ ያስቀምጥ፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ዕቃ ውጪ ምንም አይሰጠው። ዘበኛችሁን ግን አትከልክሏቸው። በብርድ ሌሊት ከውሻ ጋር ጉርሻ መካፈል ሥራቸውን የሚያቀልላቸው ነገር ነው፤ ደግሞም ብትከለክሏቸው በድብቅ ያደርጉታል። ከተለካው ላይ አንድ እፍኝ በጣሳ ለይታችሁ ለእሳቸው ስጧቸው፣ ማታ እሳቸው ያብሉት። ልጆቹም እንዲሁ ብስኩቱን ትተው ከዚሁ ዕቃ ጥቂት ፍሬ እየቆጠሩ ይስጡት።

ሁዳዴን ሥጋ ሳይቀምስ ከርሞ ለምን አልቀነሰም ላሉት፣ ውሻን የሚያወፍረው ሥጋ ብቻ ነው ብለን ስለምናስብ ነው እንጂ ነገሩ የሚያስገርም አልነበረም። የጾም ወጥ በዘይት የሚሠራ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሽሮና ምስር የነካው እንጀራ ሲጨመርበት ደግሞ ቡቺ ጉልበት እንጂ ብዙ የሚጠቅመውን ፕሮቲን ሳያገኝ 55ቱን ቀን ጨርሷል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ወጡ ውስጥ ያለው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፤ ቢቀቀልም ቢጠበስም ያው ነው። የወጥ ትርፍራፊን የምቃወመው ስለ ውፍረቱ ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ ልኩ እንምጣ። አንድ ውሻ በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያስፈልገው ጉልበት ከክብደቱ ይሰላል፤ 34 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በቀን ወደ 990 ካሎሪ ይመጣል። ቡቺ እንዲቀንስ መነሻ የምናደርገውም ይህንኑ ነው፤ የምናሰላው በሚደርስበት እንጂ አሁን ባለበት ክብደት አይደለም። የምትገዙለት ደረቅ ምግብ ከሆነ በከረጢቱ ላይ በ100 ግራም ስንት ካሎሪ እንዳለው ይጻፋል፤ 350 ቢሆን የቀን ድርሻው 280 ግራም ገደማ ነው። ኩባያው ሰውን ያታልላልና በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ቤት የምታበስሉለት ከሆነ ግን ስሌቱ አስቸጋሪ ነው፤ የሳምንቱን ወረቀት ይዛችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። እስከዚያው ሞራውንና ዘይቱን አስወጡ፣ ሩዙን ወይም ገንፎውን ቀንሱ፣ ቀዩን ሥጋ ግን አትንኩበት። የተቀቀለ ዱባ፣ ካሮት ወይም ፎሶሊያ ያለ ጨውና ያለ ቅባት ቢጨመርበት ሆዱን ይሞላዋል። ቤት የሚበስል የውሻ ምግብ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ያንሰዋልና ይህንንም ሐኪሙን ጠይቁት። ውኃው ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጥ።

ጤናማው አካሄድ በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ መቀነስ ነው፤ ለቡቺ ከ440 እስከ 880 ግራም ማለት ነው። 10 ኪሎ ለማውረድ አምስትና ስድስት ወር ቢፈጅ አትደንግጡ። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሳይበላ ይመዘን። እሱን ታቅፎ ሚዛን ላይ መውጣት የሚችል ሰው ከሌለ የሰፈሩን ወፍጮ ቤት ለምኑ፤ ጤፍ የሚመዝን ሚዛን ውሻም ይመዝናል። ባለወፍጮው ይስቅባችኋል፣ ግን አይከለክላችሁም።

ከሚዛኑ በተጨማሪ እጅዎን ይመኑ። ጡጫዎን ይጨብጡና በሌላው እጅ ጣት አንጓዎቹን ይዳስሱ፤ የውሻው ጎድን እንደዚያ ጎላ ጎላ ካለ ከስቷል። እጅዎን ዘርግተው የእጅዎን ጀርባ ሲዳስሱ አጥንቱ ከቆዳው ሥር በቀላሉ እንደሚገኝ ሁሉ፣ ጎድኑም እንዲያ ሲሆን ልኩ ነው። መዳፍዎን ገልብጠው አውራ ጣት ሥር ያለውን ሥጋ ሲጫኑ አጥንቱ እንደሚጠፋብዎ ሁሉ ጎድኑ ከጠፋብዎ ግን ወፍሯል። ከላይ ሲያዩትም ከጎድኑ ኋላ ወገቡ ሊጠብ ይገባዋል። አንባቢዎቼ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን ልንገራችሁ፦ ጎድኑ እየታየ ሆዱ የተነፋ ቡችላ ወፍራም ሳይሆን ብዙ ጊዜ ትል የበዛበት ነው።

ማኮላሸታችሁ አያስቆጫችሁ። ከዚያ በኋላ የውሻው የጉልበት ፍላጎት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ስለሚቀንስ፣ ምግቡም በዚያው ልክ መቀነስ ነበረበት፤ ይህን ለባለቤቱ መንገር የእኛ የሐኪሞቹ ድርሻ ነው። ሆኖም ቡቺ ፀጉሩ በጎንና በጎን ተመሳስሎ የሚሳሳ፣ ብርድ የሚፈራና እንቅልፍ የሚያበዛ ከሆነ የታይሮይድ እጢው መመርመር አለበት። ውኃ ያለልክ እየጠጣ፣ ሽንቱም በዝቶ፣ ሆዱ ወደታች የወረደ ከሆነ ደግሞ ሌላ የሆርሞን በሽታ ሊሆን ይችላል። ማለክለኩ ከሳል ጋር ከሆነ ልቡ ይታይ።

እንቅስቃሴ ይረዳል፣ ግን ሥራው የሚሠራው ሳህኑ ላይ ነው። ቀን ታስሮ የሚውል ከሆነ ሰንሰለቱ በግቢው ርዝመት በተወጠረ ሽቦ ላይ እንዲንሸራተት አድርጉለት። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ጅብ ከመንገድ ከገባና ፀሐይ ሳትበረታ፣ በማሰሪያ ይዛችሁት 10 ደቂቃ ተራመዱ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩበት። አታስሩጡት፣ ከመኪናም አታዝልሉት፤ መገጣጠሚያው ገና ትርፍ 10 ኪሎ ተሸክሟል። በእናንተ አካባቢ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በየመንገዱ ስላሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው እንዳያልፍ።

ለእናትዎ ደግሞ ይህን ንገሯቸው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ በታተመ ጥናት 48 የላብራዶር ቡችሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንደኛው ሌላኛው ከሚበላው 25 በመቶ ያነሰ እየተሰጠው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጠንተዋል። ጥቂት የበሉት የኖሩት መካከለኛ የዕድሜ ልክ 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር፤ የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ነው ያገኛቸው። ደግነቱን በዚህ ማሳየት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሴት ውሻዬን በስንት ልፋት ከ29 ወደ 23 ኪሎ አወረድኳት። ሐኪሙ «አሁን በቃ» ካለኝ በኋላ ፋሲካ መጣ፤ በሁለት ወር ውስጥ 3 ኪሎ መለሰች። እንዴት ላቆያት?
አቶ መ.፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ አቶ መ.፣ «በቃ» የሚለውን ቃል ወደ ድሮው ሳህን መመለስ አድርገው ተረድተውት ይመስለኛል። የከሳ ውሻ ሰውነት ከመወፈሩ በፊት ከነበረው ያነሰ ጉልበት ነው የሚጠይቀው። አሁን 23 ኪሎ እስክትደርስ በነበረው የመቀነሻ ልክ ይቀጥሉ፤ ከደረሰች በኋላ ድርሻውን በ10 በመቶ ብቻ ጨምረው ሁለት ሳምንት ይመዝኗት። አሁንም ከቀነሰች ትንሽ ይጨምሩ፣ ከጨመረች መልሰው ይቁረጡ። ክብደቷ የሚቆምበት መጠን የእሷ ልክ ነው። ከዚያ ወዲያ በወር አንድ ጊዜ መመዘን ይበቃል።

ፋሲካን በተመለከተ፣ በአንድ ቀን ጮማና ሞራ የጠገበች ውሻ ቆሽቷ ሊቆጣ ይችላል፤ ደጋግማ ካስመለሰች፣ ሆዷንም አላስነካ ብላ እንደጎበጠች ከቆመች እስከ ነገ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። የተቀቀለ አጥንት ሲሰበር ስለታም ነው፣ አይስጧት። ከቅርጫው በሬ የተረፈውን ሳንባና ጉበት በጥሬው መወርወር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የመሰለው ነገር የትል እጭ ሲሆን፣ ውሻዋ ከበላችው አድጎ እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ይወጣና በቤትዎ ልጆች ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ሊያበቅል ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። በዓሉን ከእርስዎ ጋር እንድትውል ከፈለጉ ሽንኩርትና ቅመም ያልነካው፣ በደንብ የተቀቀለ ቀይ ሥጋ ሁለት ጉርሻ ያህል ይስጧት፣ ያንኑ ያህል ከእራቷ ላይ ይቀንሱ።