በቢጫ ባሕር ላይ የሚሻገረውን የተበከለ አየር በአውሮፕላን ስለ መለካት፦ ጥያቄና መልስ

የአሜሪካው ናሳና የደቡብ ኮሪያ ብሔራዊ የአካባቢ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ሜይና ጁን ውስጥ «ኮሩስ-ኤኪው» የተባለ የአየር ጥራት ጥናት በጋራ አካሂደው ነበር፤ አውሮፕላኖቹም በቻይናና በኮሪያ መካከል ባለው ቢጫ ባሕር ላይ ጭምር በረዋል። ከዚህ በታች የተመለሱት ጥያቄዎች በዚሁ ጥናት ላይ የቀረቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ብክለቱ የሚጎዳው የከተማውን ሰው ሆኖ ሳለ ባሕር ላይ መብረር ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ሴኡልን የሚሸፍነው ጭጋግ ከቻይና የመጣ ነው ወይስ እዚያው የተፈጠረ የሚለው ክርክር በኮሪያ በየዓመቱ ይነሣል። ከተማ ውስጥ የተተከለ መለኪያ የሚያሳየው የሁለቱን ድምር ብቻ ነው። ባሕሩ ላይ ግን ከመርከቦች ጢስ በቀር ይህ ነው የሚባል ምንጭ ስለሌለ፣ ነፋስ ከምዕራብ እየገፋ የሚያመጣው አየር ከከተማው ጢስ ጋር ሳይቀላቀል ሊመረመር ይችላል። በተጨማሪም ብክለቱ አንዳንድ ጊዜ ከፍ ብሎ በንብርብር ስለሚጓዝ መሬት ላይ ያለ መሣሪያ አያገኘውም።

ጥያቄ፦ በዚያ ፍጥነት የሚበር አውሮፕላን አየሩን እንዴት ይይዘዋል?

መልስ፦ ሥራ ላይ የዋለው ዲሲ-8 የተባለው ባለ አራት ሞተር አሮጌ አውሮፕላን ሲሆን፣ በመስኮቶቹ ቦታ የአየር መሳቢያ ቱቦዎች ተገጥመውለታል። ቱቦው ከአውሮፕላኑ አካል ራቅ ብሎ መውጣት አለበት፤ ምክንያቱም አካሉን ታክኮ የሚያልፈው አየር የተረበሸ ነው። የብናኝ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ ወደ ቱቦው የሚገባው አየር ፍጥነት ከውጭው ጋር ካልተመጣጠነ ከባዱ ብናኝና ቀላሉ ስለሚለያዩ ቆጠራው ይዛባል። ለጋዞች ሲባል በአንድ በረራ እስከ 168 የሚደርሱ የማይዝጉ የብረት ጣሳዎች በየቦታው አየር ይሞሉና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ይመረመራሉ። በሌዘር ጨረር የሚሠራ መሣሪያም ከአውሮፕላኑ በላይና በታች ያለውን ብናኝ ይለካል። ሥራው ለሰዓታት ዝቅ ብሎ መብረርን ስለሚጠይቅ፣ ሆዱ ለሚረበሽ ሰው አልመክረውም።

ጥያቄ፦ አየር ፓስፖርት የለውም፤ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በአቃጣጠሉ ይታወቃል። ነዳጅ በሚገባ ሳይቃጠል ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል፤ በዝግ ክፍል የተቀመጠ የከሰል ምድጃ ሰው የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው። የሴኡል ጢስ በአመዛኙ ከዘመናዊ መኪኖችና ማሞቂያዎች ስለሚወጣ የካርቦን ሞኖክሳይዱ መጠን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ አንጻር አነስተኛ ነው፤ ከቻይና በመጣው አየር ውስጥ ግን ይኸው ንጽጽር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ምልክት ከነፋሱ የጉዞ አቅጣጫ ጋር ሲገጥም ጥርጣሬው በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥፋተኛው ማን ሆነ?

መልስ፦ የጋራ ሪፖርቱ በሴኡል ኦሊምፒክ ፓርክ ከተለካው ደቃቅ ብናኝ 52 በመቶው ከአገር ውስጥ፣ 34 በመቶው ከቻይና፣ 9 በመቶው ከሰሜን ኮሪያ መሆኑን ገምቷል። ጋዜጦች እነዚህን ቁጥሮች እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አራገቧቸው፤ እኔ ግን ለሁለት ምክንያቶች በጥንቃቄ እንዲነበቡ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ግምቱ የጥናቱን ሳምንታት እንጂ የኮሪያን የብርድ ወራት አይወክልም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ከደቃቁ ብናኝ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ከጭስ ማውጫ በብናኝነት የወጣ ሳይሆን ከጋዞች አየር ላይ የተፈጠረ ነው። በሜይ የመጨረሻ ሳምንት ከባሕሩ ማዶ የመጣው አየር እርጥበትና ደመና ይዞ ስለነበር የአካባቢው ጋዞች ወደ ብናኝነት የሚለወጡበትን ሂደት አፋጠነው። እንዲህ ያለውን ብናኝ የማን ነው ብሎ ለሁለት መክፈል ይከብዳል።

ጥያቄ፦ በጸደይ የሚመጣው ቢጫ አቧራስ?

መልስ፦ እሱ ሌላ ነው። ከጎቢና ከአካባቢው በረሃዎች የሚነሣ፣ በአብዛኛው ሸካራ የሆነ የአፈር ብናኝ ነው።

ጥያቄ፦ ያልተጠበቀ ግኝት ነበር?

መልስ፦ በደቡብ ኮሪያ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚገኘው የዴሳን ፔትሮኬሚካል ማዕከል ይጠቀሳል። አውሮፕላኑ በአካባቢው ሲበር የለካው የሚተን ኦርጋኒክ ጋዝ በልቀት መዝገብ ከሰፈረው እጅግ በልጦ ተገኝቷል። መዝገቡ የሚዘጋጀው በስሌት ስለሆነ፣ ከአየር ላይ ካልተፈተሸ ስሕተቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ አሁን ሳተላይት ስላለ አውሮፕላን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ኮሪያ በ2020 ያመጠቀችው ጄምስ የተባለው መሣሪያ እስያን በቀን ብርሃን በየሰዓቱ ይመለከታል። ሆኖም ደመና ይጋርደዋል፤ በዋናነት የሚለካውም ከላይ እስከ ታች ያለውን ድምር ስለሆነ፣ ሰው ከሚተነፍሰው አየር ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚገኝ ለብቻው አይነግረንም። ዲሲ-8 በ2024 ፊሊፒንስን፣ ኮሪያንና ታይላንድን ለሸፈነ ተመሳሳይ ጥናት የተመለሰው በከፊል የሳተላይቱን ንባብ ለማመሳከር ነበር። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ በጡረታ ተሰናብቷል፤ የማመሳከሩ ሥራ ግን በሌሎች አውሮፕላኖች መቀጠል ይኖርበታል።