ለ400 ሊትር የዓሣ ገንዳ የእንጨት ወለል ማጠናከር

ከባድ የዓሣ ገንዳ ለመሸከም በእንጨት ወለል ላይ ኮምፔንሳቶ መደረብ ብቻውን አይበቃም። ጭነቱን በወለሉ ሳንቃ ላይ ይበትነዋል እንጂ ከስር ያሉትን ተሸካሚ አግዳሚዎች አያጠነክርም። 400 ሊትር ውሃ 400 ኪሎ ነው፤ መስታወት፣ ጠጠርና መቆሚያ ሲጨመር 550 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። አግዳሚዎቹ ገንዳው ከሚጠጋበት ግድግዳ ጋር ትይዩ ከሆኑ ይህ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ወይም በሁለት እንጨት ላይ ነው።

ገንዘብ የማያስወጣው መፍትሔ ቦታ መቀየር ነው። የአግዳሚዎቹ ጫፍ ወደሚያርፍበት ግድግዳ አስጠግተው አግዳሚዎቹን አቋርጦ እንዲቆም ቢያስቀምጡት ክብደቱን ሦስት አራት እንጨት ይካፈለዋል።

ቦታ ከሌለና ከወለሉ ስር መግባት ከተቻለ፦

1. ከገንዳው መሃል ስር አግዳሚዎቹን የሚያቋርጥ 10 በ10 ሳ.ሜ. ወራጅ (ወፍራም ተሸካሚ እንጨት) ያስገቡ። ከገንዳው ግራና ቀኝ አንድ አንድ አግዳሚ አልፎ ይሂድ።
2. በየ1.2 ሜትሩ በምሰሶ ይደግፉት። እያንዳንዱ ምሰሶ 40 በ40፣ ውፍረቱ 20 ሳ.ሜ. በሆነ ኮንክሪት ላይ ይቁም። በአፈር ላይ ብቻ ከቆመ አፈሩ ይሰጥምና ምሰሶው ምንም ሳይሸከም ተንጠልጥሎ ይቀራል።
3. ክፍተቱን በሽብልቅ ይሙሉ፤ ጥብቅ ሲል ይተዉት። ወለሉን በክሪክ ወደ ላይ ማንሳት ልስን ይሰነጥቃል፣ በርም እንዳይዘጋ ያደርጋል።

አግዳሚው የበሰበሰ ወይም ምስጥ የበላው ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ይተዉና መሐንዲስ ይጥሩ።

አንድ ጥንቃቄ፦ በአንድ ጊዜ አይሙሉት። ግማሽ ሞልተው አንድ ቀን ያቆዩና በውሃ ልክ ይለኩ። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ውሃውን ያፍስሱና መቆሚያውን ያስተካክሉ፤ ተጣሞ የቆመ ገንዳ የሚሰነጠቀው ከማዕዘኑ ነው። ዓሣ ገና አይጨምሩ።