ከመስቀል በኋላ ወደ ዛንዚባር፣ ፔምባና ማፊያ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። አዲስ አበባ ቤተሰብ ከጠየቅን በኋላ የሚተርፈንን ስድስት ሳምንት ሰው ባልበዛባቸው የታንዛኒያ ደሴቶች ማሳለፍ እንፈልጋለን። ዛንዚባርን የማያውቅ የለም፤ ፔምባና ማፊያ ግን ምን ይመስላሉ? መሄድ የሚሻለው ከመስቀል በኋላ ነው ወይስ ከጥምቀት በኋላ?

መልስ፦ ከመስቀል በኋላ። ሆቴል ከመምረጣችሁ በፊት ነፋሱን እዩ። ከሰኔ እስከ መስከረም ኩሲ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። በሁለቱ መካከል ጥቅምት ላይ ነፋሱ ይደክማል፤ ውሃው ይጠራል፤ ትናንሽ ጀልባዎችም እንደልብ ይወጣሉ። ኅዳር ላይ አጭሩ ዝናብ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዘንቦ ያባራል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ትልቁ ዝናብ ነው፤ ያኔ ማፊያ ላይ በራቸውን የሚዘጉ ሎጆች ብዙ ናቸው። ከጥምቀት በኋላም ደረቅ ነው፤ ግን ወበቁ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይወደዳል። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ረመዳን ጥርና የካቲት ላይ ስለሚውል ቀን ቀን ከሆቴል ውጭ ምግብ ማግኘት ያስቸግራል።

መስከረም 20 ገደማ ብትጀምሩ፣ ለኡንጉጃ (ዛንዚባር ሲባል በተለምዶ የሚታሰበው ዋናው ደሴት) 9 ሌሊት፣ ለፔምባ 11፣ ለማፊያ 15 ስጡ። የቀሩትን 7 ሌሊቶች ለጉዞና ለመጠባበቂያ ተዉአቸው። አውሮፕላን ይዘገያል፣ ጀልባ በነፋስ ይቀራል፤ ስለዚህ ከደሴት በተመለሳችሁ ማግስት የአትላንቲክ በረራ አትያዙ፤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይኑር። ማፊያን መጨረሻ ያደረግነው ዌል ሻርኮቹ (ሰው የማይነኩት ግዙፍ ዓሦች) ወደ ዳር ቀርበው የሚታዩት ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ስለሆነ ነው። ከፔምባ ወደ ማፊያ የምትሄዱት በዛንዚባር ወይም በዳሬሰላም በኩል ነው። ከዳሬሰላም በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ርካሹ መንገድ ከዳሬሰላም በስተደቡብ ካለችው ኒያሚሳቲ ወደ ማፊያ ዋና ከተማ ኪሊንዶኒ የሚሄደው ጀልባ ነው፤ ኩሲ በሚነፍስበት ወቅት ግን ሆድ ያናውጣል።

ስለ ፔምባ በግልጽ እንናገር፦ ለአሸዋና ለፀሐይ የሚሄድ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ደሴቷ ኮረብታማ ናት፤ ቅርንፉድ በየመንገዱ ዳር ተሰጥቶ ይሸታል፤ ጥሩ የባሕር ዳርቻዎቿ ጥቂት ናቸው። የሚያስኬደው ሌላ ነው፦ በሰሜን የንጌዚ ደን፣ ኪዲኬ ላይ በዓለም ከፔምባ ሌላ የትም የማይገኘው ትልቁ የሌሊት ወፍ፣ በምዕራብ ደግሞ የሚሳሊ ደሴት ኮራል። ዳይቪንጉ ግድግዳ እንደሚወርድ ዓይነት ጥልቅ ነው፤ የውሃው ፍሰትም ኃይለኛ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ትምህርቱን ማፊያ፣ ቾሌ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ጨርሱት። እዚያም ቢሆን ውሃው በጠባቡ በር በኩል ሲገባና ሲወጣ ስለሚያይል የመግቢያ ሰዓቱን መሪው ይወስን።

ሰነድ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚጠየቀው የአንድ ዓመት የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ 100 ዶላር ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ካላችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የታንዛኒያን ኤምባሲ ጠይቁ። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዛንዚባር የምትቀበለው የራሷን የ44 ዶላር የጉዞ መድን ብቻ ነው፤ ከአሜሪካ የገዛችሁት ሌላ መድን አይተካውም። የማፊያ የባሕር ፓርክም (በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው) ለአንድ ሰው በቀን ወደ 24 ዶላር ያስከፍላል። ለሁለት ሰው በ15 ቀን ከ700 ዶላር ያልፋልና በጀት ውስጥ አስገቡት፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ከፓርኩ ውጭ፣ ኪሊንዶኒ አጠገብ የተወሰነውን ሌሊት ብታድሩ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ኡንጉጃ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄ ላይ ውድ ክፍል ተከራይተን ጠዋት ስንነሣ ባሕሩ የለም፤ እስከ አድማስ ጭቃና ድንጋይ ብቻ። ተታልለን ነው?

መልስ፦ አልተታለላችሁም፤ የሄዳችሁበትን ቀን ጨረቃ አላያችሁም። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ፊት ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና ጨርሶ በማትታይበት ሰሞን ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። በእነዚያ ቀናት ውሃው የሚሸሸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ የሚሞላው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይሞላል፣ የሽሽቱም መጠን በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ፓጄ፣ ጃምቢያኒና ማቴምዌ ለመዋኘት የሚሻሉት በግማሽ ጨረቃ ሳምንት ነው። ሙሉ ጨረቃ ከሆነ ግን በሰሜን ጫፍ፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ እረፉ፤ እዚያ ጥልቁ ውሃ ለዳር ቅርብ ስለሆነ ሁልጊዜም ይዋኛል።

በሽሽት ሰዓት እስከ ኮራሉ ድረስ መሄድ ያስደስታል፤ አደጋውም እሱ ነው። ውሃው የሚመለሰው ፊት ለፊት ብቻ አይደለም፤ በዝቅተኛው ቦይ ዞሮ ከኋላችሁ ይሞላል። መጨረሻው የሽሽት ሰዓት ሲደርስ ፊታችሁን ወደ ዳር መልሱ። ወፍራም ሶል ያለው የውሃ ጫማ አድርጉ፤ እንደ ጃርት እሾህ ያላቸው ጥቁር ፍጥረቶች በየጉድጓዱ አሉ። ከወጋችሁ የሚታየውን እሾህ በወረንጦ አውጡ፤ ለሕመሙ እግራችሁን በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ንከሩ። በገመድ ላይ የተተከለው የባሕር ሣር ደግሞ የሴቶቹ እርሻ ነው፤ አትርገጡት።

ጥያቄ፦ ክትባቱን አዲስ አበባ ደርሰን እናደርገዋለን ብለናል። ይደርሳል?

መልስ፦ ለቢጫ ወባ ላይደርስ ይችላል። ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ታንዛኒያ ላይ ይጠየቃል፤ አዲስ አበባ ኤርፖርት ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ መንገደኛም ጭምር። እዚያው አሜሪካ ተከተቡና ቢጫ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ። አንድ ጊዜ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ወባ ኡንጉጃ ላይ ቀንሷል፤ ማፊያና ዋናው ምድር ላይ ግን አለ። ዶክተራችሁ አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ካዘዘላችሁ ከመግባታችሁ ከ1 ቀን በፊት ጀምራችሁ ከወጣችሁ በኋላ ለ7 ቀን ትወስዳላችሁ። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከወጡ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል፣ ቆዳንም ለፀሐይ ያጋልጣል። ሜፍሎኪን ለዳይቪንግ አይመከርም፤ የሚያመጣው ማዞር ከጥልቀት ሕመም (ጠላቂ ቶሎ ወደ ላይ ሲወጣ ከሚይዘው) ጋር ይምታታል። አሜሪካ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢነሣ፣ ወር ቢያልፍም፣ የነበራችሁበትን ነግራችሁ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ።

ጥያቄ፦ በትንሿ አውሮፕላን ስንት ኪሎ ይፈቀዳል?

መልስ፦ በአብዛኛው 15 ኪሎ፤ የእጅ ቦርሳውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ሻንጣው ለስላሳ የጨርቅ ይሁን፤ ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ እቃ መጫኛው ውስጥ አይገባም። ትልቁን ዳሬሰላም ሆቴል አስቀምጡ። የላስቲክ ከረጢት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። የመጨረሻ ዳይቫችሁና በረራችሁ መካከል 24 ሰዓት ይኑር፤ ይህ ለትንሿም አውሮፕላን ይሠራል። ኪሊንዶኒ ባንክ አለ፤ ማሽኑ ግን ሁልጊዜ ብር ላይኖረው ይችላልና ሽልንግ ይዛችሁ ሂዱ። ዶላር ካስፈለገም ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመውን የሚቀበል የለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ዋና አይችልም። ዌል ሻርክ አብሮኝ ሊያይ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ ሦስት ቀን ይለማመድ እንጂ። አፍንጫን ጭምር የሚሸፍነውን የውሃ መነጽር ያለ ማሰሪያው ፊቱ ላይ አድርጎ በአፍንጫው አየር ይሳብ። ሳይወድቅ 5 ሰከንድ ከቆየ ልኩ ነው። ጢሙ አየር ካስገባ ከላይኛው ከንፈር በላይ ትንሽ ቫዝሊን ይቀባ። የመጀመሪያው ቀን ወገብ በሚደርስ ውሃ ቆሞ በስኖርክሉ (በአፍ በሚያዘው የመተንፈሻ ቱቦ) ይተንፍስ፤ ሁለተኛው ቀን ላይፍ ጃኬት ለብሶ ይንሳፈፍ፤ ሦስተኛው ቀን ከጀልባ መሰላል መውረድና መውጣት ይለማመድ። ሰው የሚረበሸው ከሻርኩ ይልቅ ከጀልባ ሲወርድ ነው፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ስኖርክሉ ውሃ ይገባዋል።

ዓሣው የሚበላው ጥቃቅን ሽሪምፕ ነው፤ ሰው አይነካም። እናንተም አትንኩት፤ ከራሱ 3፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ራቁ፤ ፍላሽ አታብሩ። ጀልባው መንገዱን ሲዘጋበት ወይም አሥራ አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲዘል ወደ ታች ይጠልቃል፤ ያ ቀን አበቃ ማለት ነው። ጥቂት ሰው የሚጭነውን ጀልባ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ምረጡ። አንድ ጠዋት ብቻ አትመድቡ፤ ሦስት ጠዋት ክፍት አድርጉ።

ጥያቄ፦ የነቢያት ጾም እዚያው ቢይዘን ምን እንበላለን?

መልስ፦ ይህ አያሳስብ። በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ፣ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ፣ ምቺቻ የሚሉት ጎመን፣ ካሳቫና ቻፓቲ በየትኛውም ትንሽ ምግብ ቤት አለ። ቻፓቲው አንዳንዴ በቅቤ ስለሚጠበስ ጠይቁ። ሎጅ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ንገሯቸው፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እንደማትበሉ ለየብቻ ጥሩ፤ «አትክልት ብቻ» ካላችሁ እንቁላል ይመጣል።

ጥያቄ፦ ከጀልባ ነጂው ጋር ሰዓት ስንቀጣጠር በስንት ሰዓት አቆጣጠር ነው?

መልስ፦ በእኛው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ስለሆነ፣ «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ያላችሁ ነጂ የሚመጣው እኛ በምንለው ሁለት ሰዓት ነው። ጥንቃቄው በእንግሊዝኛ ስትነጋገሩ ነው፤ የአንዱን ሰዓት በሌላው ቋንቋ ጠርቶ የሚያሳስት አለና ሁለቱንም አረጋግጡ። የአውሮፕላንና የመርከብ ቲኬት ግን ሁሌም በዓለም አቀፉ ነው፤ 14:00 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።