አሮጌ ኦርጋን በላፕቶፕ፦ ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

ባለፈው ሳምንት «በፈረንጆቹ 80ዎቹ የተሠራ ኪቦርድ ያላችሁና ድምፁን በኮምፒውተር ማስተካከል የምትፈልጉ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። እንዲህ ይበዛል አላልኩም። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት አሮጌ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ኪቦርድ) ይዤ የምኖር ሰው ነኝ። ሊፍት የለንም። አንዱ ብቻውን 14 ኪሎ ይመዝናል። ደረጃ ላይ ሳገኛቸው ጎረቤቶቼ አሁንም «ሬሳ ነው እንዴ የተሸከምከው?» ይሉኛል።

ከለገጣፎ፦ አጎቴ ከአሜሪካ ያማሃ ዲኤክስ7 አመጣልኝ። በዚያች ትንሽ ስክሪን ድምፅ ልቀይር ብዬ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ምን ሶፍትዌር አለ?

ዴክስድ የሚባለውን አውርድ። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። ራሱን የቻለ ድምፅ አለው፤ ዲኤክስ7ን ላፕቶፕ ውስጥ አስመስሎ ይጫወታል። ከእውነተኛው ማሽን ጋር በሚዲ (ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት መስመር) ስታገናኘው ደግሞ እዚህ የነካኸው እዚያ ይቀየራል። ዓይንህ ቢደክም አይፈረድብህም። ማሽኑ በ1983 ሲወጣ 6 ኦፕሬተር (ድምፅ የሚያመነጩ ክፍሎች) እና 32 አልጎሪዝም (ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚያያዙባቸው መንገዶች) ይዞ ነው። ለአንድ ድምፅ ከመቶ በላይ ቁጥር አለው፣ ሁሉንም የምትቀይረው ግን በአንድ ስላይደር ነው።

ከሶፍትዌሩ በፊት ግን ጀርባውን ገልብጠህ እይ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ በቀጥታ ግድግዳ ላይ እንዳትሰካው፣ የኛ 220 ነው። የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ። 100 ዋት የሚችል ይበቃል።

ከሰበታ፦ ለዲኤክስ7ዬ ዴክስድን ጫንኩ፣ የሚዲ ኬብሉንም ገዛሁ። ድምፅ ወደ ኪቦርዱ ብልክ ግን ምንም የለም። ኪቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ይቺን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ኬብሉን ገልብጠህ ሞክር። ኬብሉ ላይ «አውት» የሚለው ጫፍ ኪቦርዱ ላይ «ኢን» የሚለው ውስጥ ነው የሚገባው። ከላፕቶፑ የሚወጣው ወደ ኪቦርዱ ይገባል ማለት ነው። ሁለቱንም «አውት» ላይ የሰካ ሰው ማታ ሙሉ ሲለፋ ያድራል። እኔም አድሬያለሁ።

ቀጥሎ ዴክስድ ውስጥ «ፓርም» የሚለውን ተጫንና ዲኤክስ7 በየትኛው ኬብል እንደተገናኘ ምረጥለት። ቻናሉም ኪቦርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን።

ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ዞር በል። ሁለት በር ተዘግቶብሃል። አንዱ ሜሞሪ ፕሮቴክት ነው፣ ድምፆቹ እንዳይደመሰሱ የሚጠብቀው፤ የኢንተርናሉን ተጫንና «ኖ» በለው። ማሽኑን አጥፍተህ ስታበራው ተመልሶ ይዘጋል፣ ስለዚህ በየጊዜው መክፈት አለብህ። ሁለተኛው ፈንክሽን የሚለውን ቁልፍ ስትጫን የምታገኘው 8 ቁጥር ነው። ደጋግመህ ስትጫነው «ሲስ ኢንፎ አንአቬይል» የሚል ይመጣል። «የስ» ስትለው «አቬይል» ይሆናል። ይሄ እስካልተከፈተ ማሽኑ ከላፕቶፕ የሚመጣ ድምፅ አይቀበልም፣ የራሱንም አይልክም።

አሁን ተጠንቀቅ። አንድ ባንክ (የ32 ድምፆች ስብስብ) ስትልክለት ውስጡ ያሉት 32 ድምፆች በሙሉ ይደመሰሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ያለውን አውጣ። 8 ቁጥርን እንደገና ስትጫን «ሚዲ ትራንስሚት?» ይልሃል፣ «የስ» በለው። ላፕቶፑ ላይ ለዊንዶውስ ሚዲ-ኦክስ፣ ለማክ ሲስኤክስ ላይብረሪያን ይቀበሉታል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የሚመጣው ፋይል ልክ 4104 ባይት መሆን አለበት። አንዲት ባይት ብትጎድል አትመነው።

ይሄን በጭንቅላቴ መሬት መትቼ ነው የተማርኩት። ርካሽ የዩኤስቢ ሚዲ ኬብል ነበረኝ። ኖታ ሲያስተላልፍ አይታማም። ረጅም ዳታ ሲመጣበት ግን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። እኔ ሳላጣራ «ሴቭ አድርጌያለሁ» ብዬ አዲስ ባንክ ጫንኩበት። ከአንድ የሠርግ ኦርጋን ተጫዋች የወረስኳቸው ድምፆች በዚያው ቀሩ። ሙሉ ባንኩ ለመተላለፍ ከአንድ ሴኮንድ ትንሽ ይበልጣል፣ ያቺን የምታህል ጊዜ ነው ኬብሉ ያልቻላት። ገንዘብህን ሶፍትዌር ላይ ሳይሆን ኬብል ላይ አውጣ።

ከገላን፦ ጁኖ-60 አለኝ። በምን ላስተካክለው?

በጣትህ። ጁኖ-60 ሚዲ የለውም፣ ሁሉም ነገር ስላይደር ሆኖ ፊትህ ላይ ተዘርግቷል። በ1984 የመጣው ጁኖ-106 ነው ሚዲ ያለው። እሱን ያላችሁ ከጀርባ ያለችውን ፈንክሽን የምትል ማብሪያ 3 ላይ አድርጓት፣ ያኔ የስላይደሩ እንቅስቃሴ ሁሉ ወደ ላፕቶፕ ይሄዳል።

ከጀሞ፦ ካሲዮ ሲዜድ-101 በርካሽ አገኘሁ። ይህች መጫወቻ የምትመስል ነገር ሶፍትዌር አላት?

መጫወቻ አትበላት፣ ትቀየምሃለች። ኤዲሲን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ነው። እሷንም ሌሎች ብዙ አሮጌ ማሽኖችንም ያውቃል። መልኩ የመንግሥት ቅጽ ይመስላል፣ ሥራው ግን አንደኛ ነው። በዚያ ላይ ሲዜድ-101 በስድስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። መብራት ሲጠፋ እኔ ቁጭ ብዬ ሳይ አንተ ትጫወታለህ።

ከአያት፦ የሚከፈልበት ልግዛ ወይስ ነፃው ይበቃል?

አንድ ወይም ሁለት ማሽን ካለህ ነፃው ይበቃል። ሮላንድ ዲ-50 ያለው ሰው ሲቲአርኤልአር የሚባለውን ያውርድ፣ እሱም ነፃ ነው። ለየኪቦርዱ ሰዎች የሠሩት ፓነል (የማስተካከያ ገጽ) አለው። ሚዲ ክዌስት የሚባለው ግን ይከፈልበታል፣ በመቶ የሚቆጠሩ ማሽኖች ያውቃል። ስቱዲዮ ከፍተህ ኮርግ ኤም1ም ሌላውም ከተደረደረልህ ያዋጣሃል። እኔ በዶላር የሚከፍል ካርድ ፍለጋ ስንከራተት ፍላጎቴ ራሱ ጠፋ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ላፕቶፕ የለኝም። በስልክ አይሆንም?

ይሆናል። አንድሮይድ ከ6 ጀምሮ ዩኤስቢ ሚዲ ያውቃል። ኦቲጂ ማገናኛ (የዩኤስቢ ኬብሉን ከስልኩ ጋር የሚያገናኝ) ግዛና ሲስኤክስ፣ ማለትም የማሽኑ ድምፆች የሚተላለፉበትን የሚዲ ዳታ፣ የሚልክ አፕ ጫን። ባንክ መላክና መቀበል ይቻላል። ቁጭ ብሎ ድምፅ ለመሥራት ግን ላፕቶፕ ተዋስ።

ከቡራዩ፦ ለመዝሙር የክራር ድምፅ ከዲኤክስ7 ማውጣት እፈልጋለሁ። ያገኘሁት ሁሉ ጊታር ነው የሚመስለው። ከየት ልጀምር?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነበር እህቴ። ዴክስድ ላይ «ኢኒት» በይና ከባዶ ጀምሪ። አልጎሪዝም 5ን ምረጪ፤ ሁለት ሁለት የሆኑ ሦስት ጥንዶች ይሰጥሻል። በእያንዳንዱ ጥንድ ከታች ያለው የሚሰማው ነው፣ ከላይ ያለው ቀለም የሚቀባው።

የመጀመሪያው ጥንድ ጅማቱ ይሁን። ኦፕሬተር 1ን ሬሾ (የድምፁን ከፍታ የሚያባዛው ቁጥር) 1.00፣ ኦፕሬተር 2ን 3.00 አድርጊ። የ2ን ድምፅ መጠን ከ60 ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፣ ሲጮህብሽ መልሺው። ዋናው ነገር የ2 ኤንቨሎፕ (ድምፁ በጊዜ የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ) ከ1 ቀድሞ መውረድ አለበት። ክራር ሲመታ መጀመሪያ ብሩህ ነው፣ ወዲያው ይደበዝዛል። ጊታር የመሰለሽ ረጅም ስለሚቆይ ነው፤ የ1ንም አሳጥሪው።

ሁለተኛው ጥንድ የጣቱ ምት ነው። ኦፕሬተር 4ን 9 ወይም 11 ላይ ስቀዪና ሁለቱንም በቅጽበት እንዲጠፉ አድርጊ። ብቻውን ስትሰሚው «ጢቅ» ብቻ ይላል። ከጅማቱ ጋር ሲሆን ነው ቆዳው የሚሰማው። ሦስተኛውን ጥንድ እኔ ዝም አሰኘዋለሁ። በጆሮ ማዳመጫ አትፍረጂ፣ ሞንታርቦ ላይ አውጥተሽ ስሚው።

ከዚያው ከቡራዩ፦ አንቺሆዬን በትክክለኛ ቅኝቱ ማስተካከልስ?

በመጀመሪያው ዲኤክስ7 አይሆንም፣ ቁልፎቹን ለየብቻ መቃኘት አይቻልም። ቀጥሎ የመጣው «ዲኤክስ7 ሁለት» የሚባለው ሞዴል ይችላል። ዴክስድም ራሱ ይችላል፣ ግን ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ፤ ቅኝቱ ወደ አሮጌው ማሽን አይሻገርም።

ከሱሉልታ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሙዚቀኛ ነኝ። ዲኤክስ7ዬ ሲበራ ድምፆቹ ሁሉ የተዘበራረቀ ስም ይዘው መጡ። የኮምፒውተር ነገር አላውቅም።

ጋሼ፣ ባትሪው አልቆ ነው። ድምፆቹን የሚይዝ ሲአር2032 የሚባል ጠፍጣፋ ባትሪ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ፈንክሽን ውስጥ 14 ቁጥርን ሲጫኑ ቮልቱን ያሳየዎታል፤ ደህናው ወደ 3 ይጠጋል። እባክዎን ለማንም ጠጋኝ ሰጥተው እንዳያስበይዱት፣ ብየዳው ባትሪው ላይ መሆን የለበትም። ማስቀመጫ ሶኬት ነው የሚበየደው፣ ከዚያ በኋላ ባትሪ መቀየር እንደ ሰዓት ባትሪ ነው። የፋብሪካ ድምፆቹ ፋይል እኔ ጋ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ። መኪናው እንደደረሰ ይደውሉልኝ፣ ወርጄ እሸከመዋለሁ። የገመዱን ትራንስፎርመር ብቻ እንዳይረሱ።